ምቱ ካልሠራስ?



የዛሬው ርእስ የዱላ ጥበብና የፖሊስ ቆመጥ ነው። ሰፊ ነው፤ ዱላ የማያውቅ ሕዝብ የለም፣ ዱላ ያልያዘ የፖሊስ ሠራዊትም ጥቂት ነው። ሁሉንም ልነካካ ብል ይነጋብናል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ ልሂድ። ከማርሻል አርት ቤት ወደ ፖሊስ ወገብ የተሻገረው ምኑ ነው? ዱላው ብቻ ነው ወይስ ዱላውን የሚገዛው ትምህርትም አብሮ መጥቷል? እኔ እንደማየው አብዛኛውን ጊዜ ዱላው መጣ፣ ትምህርቱ ቀረ። ቀረ የምለው ደግሞ የመምታት ትምህርት አይደለም። መምታትማ ማን ያቅተዋል? የቀረው፣ ምቱ ያሰብነውን ሳያመጣ ሲቀር ቀጥሎ ምን እናድርግ የሚለው ነው።

ከመጀመሬ በፊት፦ የምጠራቸው ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከኦኪናዋ ልነሣ። ካራቴ የሠራችሁ ቶንፋን ታውቁታላችሁ። ከጠንካራ እንጨት ይሠራል፤ ርዝመቱ ከጡጫ ተነሥቶ ክርንን ጥቂት ያልፋል፤ ከአንደኛው ጫፍ ገባ ብሎ አጭር እጀታ በጎን ወጥታለች። እጀታዋን ጨብጣችሁ ግንዱን ከክንዳችሁ ሥር ስታስተኙት ክንዳችሁ ጋሻ ለበሰ ማለት ነው። የሚወርደውን ምት በክንዳችሁ ትቀበሉታላችሁ፣ እንጨቱ ይሸከምላችኋል። ጭብጣችሁን ላላ አድርጋችሁ አንጓችሁን ስትፈቱት ደግሞ ግንዱ በማጠፊያው ላይ እንደሚዞር በር ተወርውሮ ይወጣል፤ መታ አድርጎ ተመልሶ ቦታው ይገባል። ገልብጣችሁ ግንዱን ስትይዙት እጀታዋ መንጠቆ ትሆናለች፤ የባላጋራችሁን ክንድ ትጠልፍላችኋለች። የሚያዘው በጥንድ ነው፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ። ጀማሪ መጀመሪያ የሚመታው የራሱን ክርን ነው። ክርኑን መምታት ሲያቆም ነው ሌላው ትምህርት የሚጀመረው።

ስለ አመጣጡ የሚነገረው ታሪክ ጣፋጭ ነው። የጃፓን የሳትሱማ ሰዎች በ1609 ደሴቶቹን ሲወርሩ መሣሪያ ከለከሉ፣ ገበሬው የእጅ ወፍጮውን እጀታ ነቅሎ ተዋጋበት ይባላል። የታሪክ ሰዎች ግን ይህን ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ፤ ተመሳሳይ መሣሪያ በቻይናም በታይላንድም አለና። ተረቱን ለልጆች እንተወው። ለእኛ የሚያስፈልገን መሣሪያው ግማሽ ጋሻ፣ ግማሽ መያዣ ሆኖ መፈጠሩን ነው። መምቻነቱ ሦስተኛ ላይ ነው የሚመጣው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሎን አንደርሰን የሚባል አሜሪካዊ ይህን ቅርጽ ወስዶ ለፖሊስ የሚሆን ቆመጥ ነደፈ። በኒው ሃምፕሸር የሚገኘው ሞናድኖክ ኩባንያ ፒአር-24 ብሎ አወጣው፤ 24 የርዝመቱ ቁጥር ነው፣ በኢንች፤ ወደ 61 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ከፊሉ ከፕላስቲክ፣ ከፊሉ ከአሉሚኒየም ተሠራ። ጥንዱ ተፈትቶ አንድ ብቻ ቀረ፣ ምክንያቱም የፖሊስ ሌላኛው እጅ ለካቴናው፣ ለመገናኛ ሬዲዮው፣ ለሽጉጡም ይፈለጋል። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ቀጥ ያለው የድሮ ቆመጥ ከመምታትና ከመግፋት ሌላ ብዙ ሥራ የለውም፤ ይኸኛው ግን ይከላከላል፣ ክንድ ይቆልፋል፣ ሰው ከመኪና ውስጥ ያወጣል። በሽያጭ ወረቀቱ ላይ ያለው ፖሊስ ከድሮው ይልቅ የዋህ ነበር።

ችግሩ ከሽያጩ በኋላ መጣ። ቶንፋ በኦኪናዋ ለዓመታት በየሳምንቱ ይሠራል፤ የፖሊሱ ኮርስ ግን በሰዓታት የሚቆጠር ነው፣ ከዚያ በኋላ በዓመት አንዴ እድሳት ቢኖር ነው። በሰዓታት ውስጥ ሰው ምን ይማራል? ቀላሉን። ቀላሉ ደግሞ ግንዱን አሽከርክሮ በሙሉ ኃይል ማሳረፍ ነው። ቁልፉ፣ መንጠቆው፣ ከክንድ ሥር መከላከሉ ልምምድ ይፈልጋሉ፤ ልብ በሚመታበት፣ ላብ ዓይን በሚያጠፋበት ሰዓት ደግሞ ያልተደጋገመ ነገር ከእጅ ይወጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት አባቶቻችን እንዲህ ዓይነቱን ሥልጠና ያዩ ይመስል ነበር።

ይህ ሥልጠና በዓለም ፊት የተፈታው በሎስ አንጀለስ፣ መጋቢት 3 ቀን 1991፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ሮድኒ ኪንግ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ በፍጥነት ሲነዳ ፖሊስ ተከታተለው፣ ሌክ ቪው ቴራስ በሚባል ሰፈር መኪናው ቆመ። ቪዲዮውን ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል፤ ጆርጅ ሆሊዴይ የተባለ ነዋሪ ከሰገነቱ ሆኖ በእጅ ካሜራ ቀረጸው። ከ50 ጊዜ በላይ እንደተመታ በወቅቱ ተዘገበ፤ እግሩና የፊቱ አጥንቶች ተሰበሩ። በወንጀል የተከሰሱት አራት ፖሊሶች ናቸው፤ በቦታው ግን ከሃያ በላይ ነበሩ።

ስለ ዘረኝነቱ ብዙ ተብሏል፣ በትክክልም ተብሏል። በዋረን ክሪስቶፈር የተመራው ኮሚሽን በዚያው ዓመት ሐምሌ ባወጣው ሪፖርት ከመጠን ያለፈ ኃይል የሚደጋግሙ ፖሊሶች መኖራቸውንና አለቆቻቸውም ዝም እንዳሉ አሳይቷል፤ ፖሊሶቹ በመኪና ኮምፒውተር የተጻጻፉት የዘረኝነት መልእክትም ወጥቷል። ይህን ለማቃለል አይደለም የመጣሁት። ግን እዚህ የተቀመጣችሁት አሠልጣኞች ስለሆናችሁ እጃቸውን እንይ።

መጀመሪያ ተረባርበው ሊይዙት ሞከሩ፣ አራገፋቸው። ቀጥሎ ሳጅን ስቴሲ ኩን በኤሌክትሪክ ማደንዘዣው ሁለት ጊዜ ተኮሰበት። ኪንግ ተነሣና ሎረንስ ፓወል የተባለው ፖሊስ ወዳለበት ሮጠ፤ ፓወል በባለ ጎን እጀታው ቆመጥ መታው፣ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ያለው ምት ላይ ምት ነው። ኩን መገጣጠሚያዎቹን እንዲመቱ፣ ክርኑን፣ አንጓውን፣ ጉልበቱን፣ ቁርጭምጭሚቱን እንዲሉ ማዘዙን ራሱ ተናግሯል። ሰውዬው ሲመታ ይንቀሳቀሳል፤ ሲንቀሳቀስ እምቢ አለ ተብሎ ይመታል። በምት መካከል የትኛው መንፈራገጥ የሕመም፣ የትኛው የእምቢታ እንደሆነ የሚለይ ሰው አልነበረም። ከፖሊሶቹ አንዱ የፓወልን ቆመጥ ለመያዝ እጁን ሲዘረጋ በቪዲዮው ይታያል። ያው ሰው ቆየት ብሎ ኪንግን በእግሩ ረገጠው።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉልኝ። ጋዜጠኛው ሉ ካነን በ1997 ባሳተመው መጽሐፍ እንደተረከው፣ በዚያው ምሽት ለሥራ ከመሰማራታቸው በፊት የቆመጥ ልምምድ ተደርጎ ነበር። የፓወል ምት ደካማና ፍሬ ቢስ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ያው እጅ መንገድ ላይ ወጣ። ደካማ ምት ለተመቺው ይሻለዋል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል፤ ተገላቢጦሽ ነው። ምቱ የማይሠራለት ሰው ይደጋግማል፣ ሲደጋግም ዒላማውን ይስታል፣ ሲስት ፊት ይሰብራል። በማርሻል አርት ቤት አንድ ተማሪ ሦስት ጊዜ መትቶ ካልሆነለት መምህሩ «ቁም፣ ርቀትህን አስተካክል» ይለዋል። በዚያ ሌሊት ቁም ማለት የነበረበት ሰው ምታ ይል ነበር።

ሌላም ነገር አለ። እስከ 1982 ድረስ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ እምቢተኛን የሚያስገብረው አንገት በመያዝ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ቱርጉድ ማርሻል በ1983 በጻፉት የልዩነት ሐሳብ ላይ ከ1975 ወዲህ በዚህ አያያዝ ቢያንስ 16 ሰዎች መሞታቸውን፣ 12ቱም ጥቁር ወንዶች መሆናቸውን መዝግበዋል። አያያዙ ለሞት በሚያሰጋ ሁኔታ ብቻ እንዲሆን ተገደበ፤ መገደቡም ተገቢ ነበር። ነገር ግን በቦታው የተተካ፣ በእጅ የመያዝ የተሟላ ትምህርት አልመጣም። ፖሊሱ ከኪሱ አንዱ መሣሪያ ተወሰደበት፣ በቀረው ቆመጥ ላይ ሁሉም ነገር ተጫነ። አንድን አሠራር ስንከለክል የተከለከለው ሥራ ወዴት ይሄዳል ብለን ካልጠየቅን ከሌላ በር ይመለሳል።

ፍርዱን ታውቃላችሁ። ፖሊሶቹ ሚያዝያ 29 ቀን 1992 ሲሚ ቫሊ በተሰየመው ችሎት ከሞላ ጎደል ነፃ ወጡ፤ ሎስ አንጀለስ ነደደች፣ ከ50 ሰው በላይ ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት በፌዴራል ፍርድ ቤት ኩንና ፓወል ጥፋተኛ ተብለው 30 ወር ተፈረደባቸው። ዳኛው ጆን ዴቪስ ቪዲዮውን በሰከንድ ከፋፍለው የመጀመሪያውን ክፍል ሕጋዊ ነው አሉ፤ ወንጀል ያሉት የመጨረሻዎቹን 19 ሰከንዶች ገደማ ነው። በእኔ እምነት ዳኛው ለድብደባው ከሚገባው በላይ ለጋስ ነበሩ። ቢሆንም ለአሠልጣኝ ትልቅ ነገር ትተዋል፦ ሕጋዊው ምትና ወንጀሉ በአንድ እጅ፣ በአንድ ቆመጥ፣ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ተቀጣጥለው ይመጣሉ። መስመሩን በዚያች ሰከንድ ማየት ያለበት እጁ ነው፣ እጅ ደግሞ የሚያየው የለመደውን ነው።

ወደ ቶኪዮ ልውሰዳችሁ፤ እዚያ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄዷል። ጆ የሚባል ዱላ አለ፣ 128 ሴንቲ ሜትር፣ ቀጥ ያለ፣ ጌጥ የሌለው። የትምህርት ቤቱ ስም ሺንቶ ሙሶ ሪዩ ነው፤ በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሙሶ ጎንኖሱኬ መሠረተው ይባላል። በስመ ጥሩው ሰይፈኛ በሚያሞቶ ሙሳሺ ከተሸነፈ በኋላ ፈለሰፈው የሚል ትውፊትም አለ። ለረጅም ዘመን በፉኩኦካ ውስጥ ተጠብቆ የኖረ ጥበብ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሺሚዙ ታካጂ የተባለው መምህር የቶኪዮን ፖሊስ ማስተማር ጀመረ። ልዩነቱን አያችሁት? ፖሊስ ዱላውን ከካታሎግ አላዘዘም፤ መምህሩ ራሱ ገባ። ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ለማስተማር እንዲመች 12 መሠረታዊ እንቅስቃሴዎችን አወጣ። ዛሬም በጃፓን ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ረጅም ዱላ መሬት ላይ ተክሎ የሚቆም ዘበኛ ታያላችሁ።

የልምምዱ አሠራር ደግሞ ይገርማል። ሁለት ሆነው ይሠራሉ፣ አንዱ በእንጨት ሰይፍ፣ አንዱ በጆ። ሰይፉን የሚይዘው ትልቁ ነው፣ መምህሩ ወይም አንጋፋው። የሚሸነፈውም እሱ ነው። ለተማሪው ትክክለኛውን ጥቃት በትክክለኛው ርቀት ይሰጠዋል፣ ተማሪው ደግሞ ምቱን ከቆዳው ጥቂት ፈቀቅ አድርጎ ያቆማል። ጆ ጫፍና ጭራ የለውም፤ እጅ በላዩ ላይ ይንሸራተታል፤ መምታቱ ሲከሽፍ መውጋት ይሆናል፣ መውጋቱ ሲከሽፍ ሰይፉን መጫን ይሆናል። ምቱ ካልሠራስ ለሚለው ጥያቄ መልሱ በእያንዳንዱ ካታ (የተደነገገ የልምምድ ቅደም ተከተል) ውስጥ ተቀምጧል፤ ያንኑ መድገም ግን የትም አይገኝም። በሺህ ጊዜ የተደጋገመ ነገር ቢኖር ማቆም ነው።

ጃፓንን መልአክ እያደረግሁ አይደለም። ሰኔ 15 ቀን 1960 በፓርላማው ቅጥር ግቢ በፖሊስና በተማሪዎች ግጭት ካምባ ሚቺኮ የተባለች የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሞታለች። የእጅ ትምህርት ብቻውን አይበቃም፤ ከእጁ በላይ ትእዛዝ የሚሰጥ አፍ አለ። ስለዚያ አፍ ለመናገር ሕንድ መሄድ አለብን።

የሕንዱ ላቲ የእኛው የሽመል ዱላ ነው ብላችሁ አስቡት፤ ረጅም፣ ብዙውን ጊዜ ጫፉ ብረት የለበሰ። በቤንጋል የላቲ ጨዋታ አለ፣ በታሚል አገር ሲላምባም የሚባል የዱላ ጥበብ አለ፤ የመሬት ባላባቶች ላቲ የያዙ ጠባቂዎች ነበሯቸው። እንግሊዞች ከዚህ ሁሉ የወሰዱት እንጨቱን ነው። ጥበብ የሚያውቅ መኮንን አልነበራቸውም አልልም፤ ኤች. ጂ. ላንግ የተባለ የሕንድ ፖሊስ መኮንን በ1923 ስለ ከዘራ ውጊያ መጽሐፍ አሳትሟል። ግን እሱ ራስን ስለ መከላከል ነበር የጻፈው። አደባባይ ላይ የወጣው ሌላ ነገር ነው፦ ተሰልፎ፣ በአንድ ትእዛዝ፣ በሕዝብ ላይ መሮጥ። ጥቅምት 30 ቀን 1928 ላሆር ላይ ሽማግሌው የነፃነት ታጋይ ላላ ላጅፓት ራይ በላቲ ተመቱ፣ ኅዳር 17 ቀን ሞቱ።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የዳራሳና ነው። ግንቦት 21 ቀን 1930፣ ጉጃራት። ጋንዲ ታስረዋል። ገጣሚዋ ሳሮጂኒ ናይዱ ወደ 2,500 የሚጠጉ ነጭ የለበሱ ሰዎችን ይዘው ወደ መንግሥት የጨው ማምረቻ ለተቃውሞ መጡ፤ እጃችሁን ለመከላከል እንኳ አታንሡ ብለዋቸዋል። በሽቦ አጥሩ ፊት ላቲ የያዙ ፖሊሶች ቆመዋል። የመጀመሪያው ረድፍ ተጠጋ። ተመለሱ ተባሉ፣ አልተመለሱም። ላቲው በራሳቸው ላይ ወረደ። የዩናይትድ ፕሬስ ጋዜጠኛ ዌብ ሚለር ቆሞ ያይ ነበር፤ አንድም ሰው ምቱን ለመመከት ክንዱን እንዳላነሣ ጽፏል። ወደቁ፣ በቃሬዛ ተነሡ። ሁለተኛው ረድፍ ሞት እንደሚጠብቀው እያየ ተጠጋ። ወደቁ። ሦስተኛው። ሚለር በኋላ ጊዜያዊው ሆስፒታል ሄዶ 320 ቁስለኛ ቆጠረ፤ ሁለቱ ሞተዋል። ዘገባው በዓለም ተሰራጨ።

አሠልጣኞች፣ ይህን በእናንተ ዓይን እዩት። ቆመጥ የተሠራው ለሚቃወም አካል ነው። ለሚመታ እጅ፣ ለሚራገጥ እግር። የማይቃወም አካል ፊት ሲቆም የሚይዘው ነገር የለውም። ፖሊሱ መታ፣ ሰውዬው ወደቀ፣ ሌላው መጣ። ምቱ አልሠራም። ከበላይ የመጣው መልስ እንደገና ምታ የሚል ብቻ ነበር፤ ቆይቶም መሬት ላይ የተቀመጡትን መርገጥና መጎተት ሆነ። ያንን ላቲ የያዙት አብዛኞቹ ሕንዳውያን ነበሩ። ኦኪናዋ ወይም ፉኩኦካ ሄደው ዓሥር ዓመት ቢማሩስ ምን ይጠቅማቸው ነበር? በዚያ ቀን የጎደለው የእጅ ብልሃት አይደለም፤ ጎድሎ የነበረው «ይህ ሥራ በዱላ አይሠራም» ብሎ ሰልፉን የሚመልስ አዛዥ ነው።

ስለማይቃወሙ ሰዎች ከተነሣ አሜሪካኖቹ የሞከሩትን አንድ ነገር ቶሎ ልንገራችሁ። ናንቻኩን ሁላችሁም ከብሩስ ሊ ታውቁታላችሁ፤ በቪዲዮ ቤት ዘመን ያደገ ሁሉ መጥረጊያ ሰብሮ በገመድ ሳያስር አልቀረም። ኬቨን ኦርከት የተባለ የኮሎራዶ ፖሊስ ይህን መሣሪያ ከፕላስቲክና ከናይሎን ገመድ ሠራና ለፖሊስ አቀረበ፤ ለማወናጨፍ ሳይሆን የእጅ አንጓን በሁለቱ ዱላዎች መሐል ይዞ ለመጭመቅ። በ1989 የሳን ዲየጎ ፖሊስ የፅንስ ማስወረጃ ክሊኒኮችን በር ዘግተው መሬት ላይ የተቀመጡ ሰልፈኞችን በዚህ እያስነሣ ወሰደ። ተነሣ ይባላል፣ ካልተነሣ ይጨመቃል፣ ሲነሣ ይላላለታል። ክስ ቀረበ፤ አንደኛው አንጓው መሰበሩን ተናገረ። በ1994 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ለከተማው ፈረደ። ሕጉ ፈቀደው፣ እሺ። እኔ ግን ለተቀመጠና ለማያሰጋ ሰው የሕመም መጠን የሚመትር መሣሪያ ስናይ አብሮት የመጣው ምቾት ያስፈራኛል። አራት ሰው ሆኖ ተሸክሞ መውሰድ ጊዜ ይፈጃል፣ ወገብ ያሳምማል፤ ይኸኛው ቀላል ነው። ቀላል የሆነ ነገር ደግሞ ይበዛል።

ለአገራችንም የሚቀርብ ምሳሌ አለ። የኬንያ ፖሊስ ቆመጥ ሩንጉ ይባላል፣ ማሳይ ከሚይዘው ዱላ ስሙን ወስዶ። በነሐሴ 2017 ከምርጫው በኋላ ኪሱሙ ከተማ ውስጥ ፖሊሶች ቤት ገብተው ሲደበድቡ የስድስት ወር ሕፃን ተመትታ ሞተች። በዚህ ላይ ምን ዓይነት ቴክኒክ ላስተምራችሁ?

በእኛ በኩል ስለ ዱላ ስንናገር ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያን እንረሳለን። የሱሪ ጎልማሶች የዶንጋ ፍልሚያ ሁለት ሜትር በሚጠጋ ዱላ ነው፤ ደም ይፈሳል፣ አጥንት ይሰበራል፣ ቱሪስት ካሜራ ይዞ ይጎርፋል። የቱሪስቱ ካሜራ የማያሳየው ዳኞች መኖራቸውንና የወደቀ ሰው እንደማይመታ ነው። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ እየጮኸ፣ ወጣቱ ለስሙ ብሎ፣ በሚያስባት ልጅ ፊት እየታገለ፣ ባላጋራው መሬት ሲነካ እጁ ይቆማል። የሎስ አንጀለሱን ቪዲዮ ከፊት ለፊቱ አስቀምጡት። ኪንግ አብዛኛውን ምት የተቀበለው መሬት ላይ ነው። ዶንጋን ኋላ ቀር የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አደጋውን እኔም አልክድም፤ ግን ስለ ወደቀ ሰው ሕግ ያለው የትኛው እንደሆነ ልብ ማለት ይገባል።

አሁን ወደ ሥራችን። ዛሬ በብዙ አገር ባለ ጎን እጀታው ቆመጥ ቀርቷል ወይም እየቀረ ነው፤ እየተዘረጋ የሚወጣው የብረት ቆመጥ ተተክቷል፣ በርበሬ የሚረጨውና የኤሌክትሪኩ መሣሪያ ደግሞ ሥራውን ተካፍለውታል። እንግሊዞች ከ1829 ጀምሮ የያዙትን የእንጨት ቆመጥ በ1990ዎቹ ለቀውታል። ቅርጹ ተቀያየረ፤ ጥያቄው እንዳለ ነው። የሞናድኖክ ሥልጠና የሰውን አካል በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ይከፋፍላል፦ የክንድና የእግር ሥጋማ ክፍል አረንጓዴ፣ መገጣጠሚያ ቢጫ፣ ራስ፣ አንገትና አከርካሪ ቀይ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ጽሕፈት ቤት በ2020 ያወጣው መመሪያም በዚሁ መንፈስ ምት በክንድና በእግር ላይ እንዲሆን፣ ከራስ፣ ከአንገት፣ ከአከርካሪ፣ ከኩላሊትና ከሆድ እንዲርቅ ይላል፤ በቆመጥ አንገት ማነቅን ይቃወማል፣ እሾህ የተተከለበትን ቆመጥ ጨርሶ አይቀበልም። የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበትና ክብርን የሚያዋርድ አያያዝን ይከለክላል። ወረቀቱ አለ። ሥዕሉን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ቀላል ነው፤ የሚንቀሳቀስ ሰው ግን በቀለም ተቀብቶ አይመጣም፤ ጭን ላይ የተሰነዘረ ምት ሰውዬው ሲጎነበስ ራሱ ላይ ያርፋል።

ስለዚህ ከሥልጠና ሰዓታችሁ ላይ ብትወዱም ባትወዱም የምጠይቃችሁ ይህ ነው። ምት ለማስተማር ከምትሰጡት ጊዜ ቢያንስ እኩሉን ለማቆም ስጡ። ምልምሉን በቆመ ከረጢት ላይ መቶ ጊዜ እንዲመታ ማድረግ መቶ ጊዜ እንዲደግም ማስለመድ ነው፤ በምትኩ ትጥቅ የለበሰ፣ የማይወድቅ ሰው ስጡት። ሁለት ጊዜ መትቶ ካልሆነ ወደ ኋላ ይውጣ፣ ድምፁን ያሰማ፣ ጓደኛው በጎን ይግባ፣ በእጅ ይያዙ። ያዥና ተያዥን አፈራርቁ፤ የተመታ አሠልጣኝ ያህል የሚያስተምር የለም። ባልደረባውን «በቃ» ብሎ ክንዱን የሚይዝ ፖሊስ እንደ ከሃዲ ሳይሆን እንደ ጥሩ ሠራተኛ ይመዝገብ፤ ይህም ራሱ ልምምድ ይፈልጋል፤ በሎስ አንጀለስ ያ እጅ ተዘርግቶ ነበር፣ ግን ያን እጅ እንዲያከብር የለመደ ማንም አልነበረም። ከተሰማራ በኋላ ደግሞ ስንት ጊዜ እንደመታና የት እንደመታ ይጻፍ፤ የማይጻፍ ምት አይታረምም። አዛዦች በዚህ አዳራሽ ካላችሁ፣ ሰልፍ ለመበተን ቆመጥ ስታዝዙ ሰዎቹ ወዴት እንደሚሄዱ፣ መውጫው የት እንደሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ሦስት መንገድ ተዘግቶበት በአራተኛው የሚመታ ሕዝብ እሺ ቢል እንኳ እሺ የሚልበት ቦታ የለውም።

በማርሻል አርት በኩል ያለነውም አንሸሽ። ፖሊስ ቤታችን ሲመጣ ፈጣኑንና አስደናቂውን እናሳየዋለን፤ ይጨበጨብልናል፣ እሱም ያንኑ ይዞ ይሄዳል። አሰልቺውን ልምምድ፣ ከቆዳ ፈቀቅ ብሎ የሚቆመውን ምት፣ ተሸናፊ ሆኖ መጫወትን የሚያሳይ ትርዒት ማን ያዘጋጃል? ሺሚዙ ያደረገው ይህን ነበር፤ እኛ የምንሸጠው ብዙውን ጊዜ ቀሪውን ነው።

አሁን ንግግሬን ላቁምና ሁለቱ አሠልጣኞች ወደ መድረኩ ይውጡ። አንደኛው ትጥቅ ለብሷል፣ አይወድቅም፣ አይታዘዝም። ሌላኛው ሁለት ምት ብቻ ተፈቅዶለታል። ሦስተኛው ላይ ምን እንደሚያደርግ አልነገርነውም፤ አብረን እናያለን። ጥያቄዎቻችሁን ከዚያ በኋላ እንቀበላለን።